የማህሌት ካልሲ

እሑድ፣ ጥር 17

ልጄ ማህሌት ዛሬ በእግሯ ሄደች። አስራ አምስት ወሯ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ "እስከ አስራ ስምንት ወር ቢቆይ አያሳስብም" እያልኩ ስንቱን እናት ሸኝቻለሁ። አማቴን ግን ማሳመን አልቻልኩም። "እግሯን ብርድ ገብቶታል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንውሰዳት" ብለው ሳምንቱን ሙሉ ወጥረው ያዙኝና ዛሬ እሺ አልኩ።

የደብረ ታቦርን ብርድ ፈርተው፣ በእጃቸው የሠሩላትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ቀንም ሌትም አያወልቁላትም። የቤታችን ወለል ደግሞ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ ልትቆም ስትል ያንሸራትታታል። ወንዛዬ ደርሰን ልናጥባት ካልሲውን አወለቅንላት። ፎጣ ላወጣ ዞር ስል በባዶ እግሯ ድንጋዩ ላይ ተነስታ ቆመች። አራት እርምጃ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። ውሃው ገና አልነካትም ነበር።

አማቴ እልል አሉ። "አላልኩሽም? እንፋሎቱ እንኳ ይበቃል" አሉኝ።

"እውነትዎን ነው፣ እማማ" አልኳቸው። ሄዳልኛለች፤ ምን አከራከረኝ።

ካልሲውን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ይዤው መጣሁ። ሲፈልጉት "ወንዛዬ ረስተነው መሰለኝ" አልኳቸው።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብለው አዲስ ጀምረውላታል። የአሁኑ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ነው።