ክዳኑ እምቢ ያለው ቀፎ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ወረቀት ከሥራ ገብተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ጋደም ባልሽበት ሰዓት በጤናና በሰላም እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ቆመሽ በዋልሽ ቁጥር ይነሳብሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ከረመ? ልጆቹስ ትምህርቱን እንዴት ያዙት? እኛ እዚህ ለክፉ የሚሰጥ ነገር ሳያገኘን አለን። እናታችንም ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደሚያጉረመርም ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ፤ የሚያጉረመርመው ጉልበቴ ብቻ አለመሆኑን ግን ወደ ታች ስታነቢ ትረጂዋለሽ።

በስልክ መንገር ስችል ለምን ብዕር እንዳነሳሁ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናታችን ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ «ድምፁን ክፈተው፣ ልጄን ለብቻህ አትስማት» ይሉኛል። የምጽፍልሽ ደግሞ እሳቸው እንዳይሰሙት የምፈልገውን ነው። ባለፈው ወር ወደ ዓይን ሐኪም ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ እሳቸውን ከነርሷ ጋር ወደ ውጭ ሸኝተው ሲያበቁ፣ የዕይታቸው መሃል እየጠፋ መሆኑን ነገሩኝ። ዳር ዳሩ ይቀራል፤ በርና መስኮቱን፣ የሰውን ቁመት ማየታቸው አይቀርም፤ የሰው ፊት ግን የሚኖረው መሃል ላይ ነው አሉኝ። በስልክ መስታወት ላይ ያንቺ መልክ ለእሳቸው ጥላ ብቻ ነው። በትልቅ ስክሪን፣ በደህና ብርሃን፣ ቀረብ ብለው ካዩ ግን እስካሁን ፊት ይለያሉ። ይህም ቢሆን ክረምቱ ሳይወጣ ሊያበቃ ይችላል። አንቺ ለመምጣት ፈቃድ የምታገኚው ከዚያ በኋላ መሆኑን ስለማውቅ፣ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኝ ከረመ።

ልጅሽ ከራሱ ኮምፒውተር የተረፉትን ዕቃዎች በመንገደኛ በየተራ ሲልክልን ይህንን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም እግዜር የላከው ያህል ቆጠርኩት። ማዘርቦርድ የሚሉት ዋናው ሰሌዳ በሕፃን ብርድ ልብስ፣ ኃይል ሰጪው ሳጥን በወፍራም ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ማቀዝቀዣው ማራገቢያም እንደ እንቁላል በጨርቅ ተከብቦ ደረሰን። ስክሪን በበኩሌ ነበረኝ፤ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የሰጡኝ ትልቁ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠው። ቴሌቪዥናችን እንደምታውቂው ያው ሆዳሙ ነው፤ ከስልክ ጋር አይነጋገርም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ሁሉ በጉያው የሚይዘው የብረት ሳጥን። ነጋዴዎቹ ኬዝ ይሉታል፤ እኛ ቤት ቀፎ ተብሎ ቀርቷል። ሻንጣ ይሞላል ተብሎ እንዳልተላከ ይገባኛል። እዚህ በቀላሉ ይገኛል ብዬ ልጅሽን ያጽናናሁትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ምላሴን በነከስኩ!

በሠፈራችን ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ሰው አለ። ማንኛውንም ነገር «ቀስ በሉ» ብሎ ስለሚጀምር ስሙም ቀስ በሉ ሆኗል። መጥቶ ዕቃዎቹን በምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በካርቶን ላይ ዘረጋቸውና እርስ በርስ አገናኝቶ አበራቸው፤ ሠራ። ያለ ቀፎም መጠቀም ይቻላል፣ አቧራና ልጅ ካልነካው ችግር የለውም አለን። እናታችን በዳበሳ ቀርበው ሽቦዎቹን በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና፣ «አንጀቱን ዘርግፎ የተኛው ይሄ ነው ልጄን የሚያመጣልኝ? ወግዱ! ልጄ እንዲህ ባለ ነገር አትመጣም። መጀመሪያ ይልበስ» አሉ። አስረዳኋቸው፣ ለመንኳቸው። የእናታችንን እምቢታ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በር ቢሆን ኖሮ ሌባ አያስገባም።

እንግዲህ ቀፎ ልንገዛ ተነሳን። ረከስ ያለ እንዲሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃ መያዣ ከዕቃው በላይ ሊከበር አይገባም ከሚል እምነት ነው። ሥራውንም በወጉ ለመምራት ፈልጌ ከቤተሰቡ ኮሚቴ አቋቋምኩ። እኔ ሰብሳቢ፣ ባለቤቴ አባል፣ ሹፌሩ ታናሽ ወንድማችን ጸሐፊ። ታናሻችን ገና ሲሾም፣ «ጋሼ፣ ለስብሰባው አበል አለው?» ብሎ ጀመረ። ከሦስት ሱቅ ያላነሰ እንዲታይ፣ መስፈርቱን ከሚያሟሉት ውስጥ ርካሹ እንዲመረጥ ወሰንን። መስፈርቱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ የማዘርቦርዱን ርዝመትና ቁመት በባለቤቴ የስፌት ሜትር ለካሁ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ሥፍራ ሳይቀር በወረቀት ላይ ነደፍኩ። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የተሻለ መስፈርት ያረቀቅሁ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ያሳየን ቀፎ ጎኑ በሙሉ መስታወት፣ ውስጡ በቀይና በአረንጓዴ መብራት የሚብለጨለጭ ነበር። ባለቤቴ ወደደችው፤ እኔ ግን ይህ ሁሉ መብራት ለደከመ ዓይን አይሆንም አልኩ፤ ታናሻችንም ሠርግ ቤት ይመስላል ብሎ አገዘኝ። ሁለተኛው ዘንድ ያገኘነው ቆርቆሮው ከመሳሳቱ የተነሣ በጣት ሲጫኑት ይዘምራል፤ ጠርዙም አልተሞረደም። ታናሻችን ጣቱን ቆረጠና፣ ይህን ለኮምፒውተር ሳይሆን ለሽንኩርት ይሸጡት ብሎ ወጣ። ሦስተኛዋ ነጋዴ ሴት፣ ትሕትናዋ የሚያስገርም፣ ጠበብ ያለ ጥቁር ቀፎ አወጣችልን። ፊቱ ላይ አየር ማስገቢያ አለው፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ብሎኑ ከነከረጢቱ። ከሁሉም ረከሰ። ለካሁት፤ ከንድፌ ጋር ልክ ነው። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ደረስኩ። ቀስ በሉ ከመነሻው አብሬያችሁ ልሂድ፣ ልየው ብሎኝ ነበር። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ዕቃውን የሚገጥም ሰው በዕቃው ግዢ ላይ አይቀመጥም፤ ይህን ደንብ ዕድሜዬን በሙሉ ሳስከብረው ኖሬያለሁ፤ ብዙ ሌብነትም ከልክሎልኛል። በእናቴ ቤት ላፈርሰው አልፈለግሁም። ሰውየው አልተቀየመም፤ «ቀስ በሉ፣ እንደ ፈቀዱ ጌታዬ» ብሎ ሄደ።

ቀፎው ቤት ገባ፤ ቀስ በሉም ተጠራ። ማዘርቦርዱ በቦታው ልክክ አለ፤ ብሎኖቹ ያዙ። እናታችን ወንበራቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ መራቂ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ የጎኑን ክዳን ሊገጥም ሲሞክር እምቢ አለ። ገፋው፤ እምቢ። ያ በጨርቅ ተከብቦ የመጣው ማራገቢያ ከማዘርቦርዱ ላይ እንደ ፎቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከቀፎው አፍ በአውራ ጣት ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ርዝመት ለክቻለሁ፣ ቁመት ለክቻለሁ፤ የቀፎውን ወርድ ግን አልለካሁም። በማዘርቦርዱ ላይ ምን እንደሚቆምበት የሚያውቀውን አንድ ሰው ደግሞ በደንብ ከልክዬዋለሁ። ቀስ በሉ የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ወደ ከረጢታቸው መለሰ። ያ እርጋታው ነው የገደለኝ።

ቀፎውን ተሸክመን ወደ ሱቁ ተመለስን። ትሑቷ ነጋዴ የብሎን ቀዳዳዎቹን አየት አደረገችና፣ «አባቴ፣ የተለበሰ ጫማ ይመለሳል?» አለችኝ። ስሜን፣ የነበርኩበትን ኃላፊነት እንድትሰማ ብዬ በእርጋታ ተናገርኩ፤ እርሷም በእርጋታ፣ ለእኔ ስትል ቀዳዳዎቹን መድፈን እንደማትችል ነገረችኝ። አጭር ማራገቢያ ፍለጋ ዞርን፤ አንዱ ነገ ይገባል አለ፣ ነገ ሲሄዱ ከነገ ወዲያ ይላል። ይባስ ብሎ የቀፎው ማብሪያ ቁልፍ አንዴ ከተጫኑት ገብቶ ይቀራል፤ በብዕር ጫፍ ፈልቅቀን እናወጣዋለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ እንኳን ሳልቸኩል፣ በቃለ ጉባኤ ነው ያፈሰስኩት። ሰው ቤት ይሠራል፣ ሰው መንገድ ያሠራል፤ እኔ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አሸነፈኝ፣ እህቴ። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቀኝም፤ በየቀኑ ደጅ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ።

በዚህ መካከል ኮሚቴውን እንደገና ልሰበስብ ተነሳሁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ታናሻችን ግን፣ የሐኪሙን ቃል ጨርሶ ሳያውቅ፣ «ጋሼ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በዚህ አያያዛችን ስብሰባው ሳያልቅ የእማማ ዓይን ያልቃል» አለና ሳቀ። የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ደነገጥን። ታናሻችን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያያል። ከዚህ ያወጡን እናታችን ናቸው። «የከፈታችሁትን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ ያ ሰባራው ቁም ሳጥን ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አይደል የኖረው? እንግዳ የሚያየው ፊቱን ነው» አሉ። አዞርነው። ከፊት ሲያዩት ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ይመስላል። መጥተው ዳበሱትና፣ «አሁን ትምጣ» አሉ።

ቀስ በሉ ለሙከራ ከሱቁ ሆኖ ደወለልን። ትልቁ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል እናታችን አንገታቸውን አስግገው፣ ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል ቀና እያደረጉ ብዙ አዩት። «ይሄ ሰውዬ ጢሙን መላጨት ትቷል እንዴ?» አሉ። ሰውየው ደንግጦ አገጩን ያዘ፤ እኔ ፊቴን ላለማሳየት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ማታውን እጅጌዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ሐኪሙ ለምን ወደ ውጭ እንዳስወጧቸው እሳቸው የማያውቁ መስሎኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።  ከዚያ፣ «ለእሷ እንዳትነግራት። ካወቀች እያለቀሰች ትመጣለች፤ ሲያለቅሱ ሁሉም ሰው አንድ ነው። እኔ የእሷን መልክ ነው የምፈልገው» አሉኝ። ቃሌን ሰጠኋቸው። ይኸው ደግሞ ቃሌን አፈረስኩ።

ያፈረስኩት ስለማውቅሽ ነው። ካልነገርኩሽ እንደ ወትሮሽ በጥድፊያ፣ ከጨለማው ኮሪደር ቆመሽ፣ ስልኩን እያወዛወዝሽ፣ ግማሽ ግንባር ብቻ እያሳየሽ ትደውያለሽ። ስለዚህ የመጪው እሑድ ጥሪያችን ላይ እንዲህ አድርጊልኝ። ስልኩን ከአንድ ነገር ጋር አስደግፈሽ ተቀመጪ። መስኮቱ ከኋላሽ ሳይሆን ከፊትሽ ይሁን። ፀጉርሽን ከግንባርሽ መልሺው፤ ከደረጃው ወድቀሽ የቀረችብሽን ጠባሳ እንደሚፈልጓት አውቃለሁ። አትቸኩዪ፤ ዝም ብትሉም ግድ የለም፣ ይዩሽ። ከሁሉ በላይ እህቴ፣ አታልቅሺ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ እንደማይገድ አውቃለሁ፤ እንባው ስልኩ እስኪዘጋ ይቆይልሽ። እሳቸው ከዚህ በኋላ ድምፅሽን በሰሙ ቁጥር ከድምፁ ጋር የሚያመጡት ፊት ያን ቀን ያዩት ይሆናልና፣ የሚስቅ ፊት ስጫቸው። መሳቂያ ካጣሽ የወንድምሽን ኮሚቴ አስቢ።

ይህንን ወረቀት የምታደርስልሽ ወደ እናንተ የምትጓዘው፣ ነርስ የሆነችው ጎረቤታችን ናት፤ ከእሑድ በፊት እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ለባለቤትሽ ወንድማዊ ሰላምታዬን ንገሪው፤ በርታ በይልኝ። ለዕቃ ላኪው ልጅሽ፣ አጎትህ እጅ ይነሣሃል፣ ማራገቢያህ ግን በጣም ረጅም ነው በይው። ለትንሿ ልጅሽ፣ አያቷ እሷንም ሊያዩ ስለሚፈልጉ በእናቷ ጭን ላይ ጸጥ ብላ እንድትቀመጥ ንገሪልኝ፤ ጉንጯንም ሳሚልኝ። ባለቤቴ በናፍቆት ትስምሻለች። ታናሻችን ሰላም ብሏል፤ የተቆረጠው ጣቱ ድኗል፤ የኮሚቴው ጸሐፊነቱን ግን በፈቃዱ ለቋል። እናታችን እንደምጽፍልሽ ባያውቁም፣ ዛሬ ጠዋት ስክሪኑን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ አግኝቻቸዋለሁና፣ ያንን እንደ ሰላምታቸው ቁጠሪው።

ክዳኑ ከበሩ ኋላ ተደግፎ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር አንዴ እሞክረዋለሁ፤ እስካሁን እምቢ እንዳለ ነው።

የሚወድሽ ታላቅ ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት፣ ሰኔ ፲፩ ቀን