የአባዬ ክንድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አስፋው ወልደ ገብርኤል፣ አሰብ።

እንዴት ሰነበትክ ጋሼ? ያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እትዬ ብርሀንነሽስ ደህና ናት? ትንሿ ወርቂቱስ ጥርስ አወጣች? እኛ እዚህ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ብርዱም እንደ ወትሮው ነው፣ በጎቹም ወልደዋል፣ እማዬና እህታችን አልታየች ደህና ናቸው። አባዬን ለብቻ ያስቀረሁት ረስቼ አይደለም፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ስለ እሳቸው ነው። ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባህምና ታገሠኝ።

እንደምታውቀው የወጣቶች ማኅበር መርጦኝ መካነ ሰላም ክህሎት ማሠልጠኛ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከወግዲም ከአቀስታም የመጡ ልጆች አሉ። አንተ ባለፈው ‘እንጨት መላግ ደግሞ ትምህርት ነው?’ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ነው እንጂ! የመጀመሪያውን ወር እንጨት የሚባል አልነካንም፤ መጋዝ ስንሞርድ፣ መላጊያ ስንስል፣ የሠራንበትን ስንጠርግ ነው ያለቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፖለቲካ እንማራለን፤ በዚያ ተቀምጦ የማንቀላፋት ችሎታዬ በእጅጉ ተሻሽሏል።

አሠልጣኛችን አቶ አህመድ ከእጃችን ይልቅ አፋችንን ነው የሚያሠለጥኑት። አንዳችንን ደንበኛ፣ አንዳችንን አናጢ አድርገው ፊት ለፊት ያቆሙናል። አናጢው መጠየቅ አለበት፤ ዕቃው ለምን ይሆናል? መቼ ይድረስ? ልኩ የማን ክንድ ነው? አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ነው ብለው ቢያስተምሩንም ‘ክንድ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ወላሂ ሳትጠይቁ እንጨት እንዳትቆርጡ’ ይሉናል። በዚህ ጨዋታ ከሁሉም የበለጥኩት እኔ ነበርኩ። ምላሴን ታውቀዋለህ።

የመጨረሻው ፈተና እያንዳንዱ ሠልጣኝ ለአገሩ ገበሬ ማኅበር አንድ ዕቃ ሠርቶ በቦታው መግጠም ነው። ያለፈ ደሴ ሄዶ ስድስት ወር ለረዳት አሠልጣኝነት ይማራል፤ የወደቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእኔ የደረሰኝ የእኛው መሠረተ ትምህርት ቤት በር ሆነ። አባዬ እዚያ ፊደል ስለሚያስቆጥሩ ልኩን እሳቸው ወስደው በገበያተኛ ላኩልኝ፤ ቁመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ሁለት ክንድ። እኔም ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር አድርጌ ከጥድ ሠራሁት። የማን ክንድ ነው አላልኩም። ደንበኛ ይጠየቃል፤ ቄስ ወልደ ገብርኤል ‘እንዴት አድርገው ለኩት?’ ተብለው በልጃቸው ይጠየቃሉ እንዴ?

በሩን ለአራት ተሸክመን ግማሽ ቀን ተጉዘን ደረስን። ስናቆመው በቁመት ስንዝር ተኩል፣ በወርድ ደግሞ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ተረፈ። ሊቀ መንበሩ አቶ አራጌ ‘ልጄ፣ ግመል ልታስተምሩበት ነው?’ ሲሉ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ አለቀ። አቶ አህመድ መዝገባቸውን ይዘው ቆመዋል። አባዬ ‘ግድግዳው ጭቃው ሲደርቅ ጠቦ ነው፣ ልጁ ምን ያድርግ’ እያሉ ይከራከሩልኛል። እኔ ግን ደሴ ከእጄ ስትወጣ ታይታኝ ተናድጄ ነበር። በሰው ፊት ‘እስቲ እንዴት እንደ ለኩት ያሳዩን’ አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ክርናቸውን ከመቃኑ ሥር አስደግፈው እጃቸውን አነሱ። ጣቶቻቸው ወደ መዳፋቸው እንደ ታጠፉ ናቸው። ‘አባዬ፣ ይዘርጉት እንጂ’ አልኳቸው። ቀስ ብለው ‘ተዘርግቷል እኮ’ አሉኝ።

ያ ግማሽ ሜትር ያልኩት ክንድ ለካስ በታጠፉት ጣቶች ልክ ያጠረ ነበር። ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አዝኜ አላውቅም። አቶ አህመድን ‘ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ቆርጫለሁ’ አልኳቸው። እሳቸውም መጋዙን አቀበሉኝ። ከጎኑ አንድ ሳንቃ አውጥቼ፣ ቁመቱን ቆርጬ፣ አሥር ሰዓት ላይ በሩን ገጠምኩት። በመዝገቡ ላይ ‘ልክ ሳይጠይቅ ሠራ፤ ጥፋቱን አምኖ አስተካከለ፤ አልፏል’ ብለው ጻፉልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እማዬ ኋላ እንደ ነገረችኝ ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አባዬ ሰው ቁምጥና ነው ብሎ እንዳያርቃቸው ፈርተው ደበቁት። መስቀሉን በሁለት እጃቸው ነው የሚያሳልሙት፤ ሰው ለአክብሮት ይመስለዋል። በትምህርት ቤቱም ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሳቸው ከኋላ ሆነው ይጠራሉ። በላክንልህ ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ግርጌ የእሳቸው ጽሕፈት ያልነበረው ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰነፉ ብዬ ስቄባቸው ነበር። በማግስቱ ለምኜ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የፈሩት በሽታ እንዳልሆነ፣ ቁርጥማት እንደሆነ ነገራቸው፤ ጣቶቹ ግን እንደ ቀድሞው አይዘረጉም አለ።

እርፍ መጨበጥ አይችሉም። ዓምና ጎረቤታችን ስማቸው በወንፈል አርሶልናል። ወንፈል ደግሞ ይመለሳልና አባዬን ተክታ በእሱ ማሳ ስታርምና ስታጭድ የከረመችው አልታየች ናት። ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ትምህርቷን ልታቋርጥ ነው።

እኔ ሐምሌ አንድ ቀን ደሴ መገኘት አለብኝ። ዘሩም ያኔው ነው። አባዬ ሂድ ይሉኛል፤ እማዬ ግን የዘሩን እህል ትለቅማለች። አልዋሽህም ጋሼ፣ መሄድ እፈልጋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግሁት ነገር የለም። አንተ አሰብ ከሄድክ ስድስት ዓመትህ ነው፤ በየደብዳቤህም ‘ለከርሞ እመጣለሁ’ ትላለህ። ለአንድ ክረምት መጥተህ እርፉን ከያዝክ እኔ እሄዳለሁ። ካልቻልክ በሬዎቹን የምጠምደው እኔ ነኝ፤ አልቀየምህም፣ አንተም ቤተሰብ አለህ። ብቻ አይዞህ ብለህ አትጻፍልኝ። እመጣለሁ ወይም አልመጣም በለኝ፤ እስከ ሰኔ ሃያ እጠብቃለሁ።

እትዬ ብርሀንነሽን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ። ወርቂቱን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ በዓይኗ ውል እያልክባት እንደሆነ ጻፍ ብላኛለች። አልታየች የራሷን ሰላምታ እራሷ እጽፋለሁ ብላ ነበር፣ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ የበልግ አረም ላይ ስለዋለች አልደረሰችም። ስማቸውም ሰላም ብሎሃል። አባዬ እግዚአብሔር ይባርክህ ብለውሃል፤ ‘አባትህ ደህና ናቸው ብለህ ጻፍለት’ ስላሉኝም፣ ይኸው፣ አባታችን ደህና ናቸው።

ታናሽ ወንድምህ ደብረወርቅ ወልደ ገብርኤል
መካነ ሰላም፣ ግንቦት 19 ቀን 1974 ዓ.ም.