ከእናቴ ጀልባ ላስወረዱኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሐይቁ የጀልባ ጉብኝት አገልግሎት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤንነት ላይ ያገኝዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። በተለይም ልብዎ፣ ባለፈው እሑድ እኔን እንደጫነው ጀልባ ሞተር፣ መሐል መንገድ ላይ ሁለቴ አስነጥሶ ቀጥ እንዳይልብዎ አጥብቄ እጸልያለሁ። እኔ እርስዎን የማመሰግንበት ብዙ ነገር ያለኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅሬታዬን በቃል ላቀርብ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ቅሬታ የሚቀርበው በጽሑፍ ብቻ መሆኑን በትሕትና ስለነገረችኝ እነሆ ጽፌአለሁ፤ ከጻፍኩ አይቀር ደግሞ ሌላውም ሰው እንዳይቀርበት ብዬ ግልጽ ደብዳቤ አድርጌዋለሁ።

የእናቴን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ሐኪሙ፣ ከዕድሜዋና ከልቧ ድካም የተነሳ ቀዶ ሕክምና እንደማይመክር ነግሮናል። ጠዋትና ማታ ጠብታ የማደርግላት እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ደረጃ ሲያጋጥም «ደረጃ» የምላትም እኔው ነኝ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው አንድ ነገር ጉማሬ ማየት ነው። ለምን ጉማሬ ብዬ ብጠይቃት፣ ያን ያህል ወፍሮ መዋኘት መቻሉ እንደሚገርማት ነገረችኝ። ብርሃኗ ጨርሶ ሳይሄድ ላሳያት ቆርጬ፣ የደንበኞቼን ቀጠሮ ገፍቼ፣ ደንበኞቼም በየተራ ተቀይመውኝ፣ ትኬት ቆረጥኩ።

ይህን ታናሽ እህቴ በስልክ ሰማች። እናታችን «ብርቄ» የምትላት እህቴ ሌላ ከተማ የምትኖር፣ እንደ ፀሐይ ግርዶሽ አልፎ አልፎ ብቻ የምትታይ፣ በታየች ቁጥርም ሁሉም ሥራውን ትቶ ቀና ብሎ የሚያያት ሴት ናት። በዋዜማው ሽቶዋን አስቀድማ ከች አለች። እናቴም፣ ለወራት እግሬን አመመኝ ስትል የከረመችው ሴትዮ፣ በሩን ራሷ ሄዳ ከፈተች።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ዓይንዎ ሚዛንነት አመሰግናለሁ። እናቴን ደግፌ ጀልባው ውስጥ አስቀምጬ፣ ተንሳፋፊ ጃኬቷን አስሬላት፣ አጠገቧ ተደላድዬ ነበር። እርስዎ ግን የሁለቱ ጀልባዎች ክብደት መመጣጠን እንዳለበት አስታውሰው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እትዬ ደልደል ያሉት፣ ወደዚያኛው» ብለው አስነሱኝ። በቦታዬ ያቺ ሸንበቆ እህቴ ገባች። ስወርድ ክንዴን መታ መታ አድርጋ «አታስቢ እትዬ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት የጓጓሁባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ፤ አንዳቸውም ሐይቅ ዳር አልነበሩም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሞተሩ። እርስዎ በጥንቃቄ የመረጡን ደልዳሎች ሁሉ አንድ ጀልባ ላይ ተጠቅጥቀን እንደተጓዝን፣ ሞተሩ ከላይ የጠቀስኩትን ማስነጠስ አስነጥሶ ጸጥ አለ። ነጂው በነጠላ ጫማው ደበደበው፣ ከዚያ ለመነው፣ ከዚያም ዞር ብሎ አራዊት ጸጥታ ስለሚወዱ ይህ መልካም አጋጣሚ መሆኑን አስረዳን። መልካሙ አጋጣሚ ረዘመ። ያየነው አንድ ወፍ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የጀልባችን አፍንጫ ላይ መጥቶ በመገረም ሲያስተውለን ስለቆየ፣ በዚያ ቀን ጎብኚው ማን እንደነበረ አልለየንም።

ያን ጊዜ ነው ከሸንበቆው ወዲያ ጭብጨባ የሰማሁት። ከጭብጨባው መሐል አንድ ሳቅ ነበር፤ የእናቴ ሳቅ። ክቡር ሆይ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። በቤታችን ውስጥ ያልመጣ ሳቅ ነው። የተሰማኝ ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም፤ ውሃ መሐል ተቀምጦ ወዴት ይካዳል?

ሦስተኛ፤ ስለ ገመዱ የተለየ ምስጋና ይድረስዎ። የእኛን ጀልባ ጎትቶ እንዲመልስ የታዘዘው እናቴና እህቴ ያሉበት ጀልባ ነበር። እስከ ወደቡ ድረስ ከኋላቸው እየተጎተትኩ የሁለቱን ጀርባ እያየሁ ሄድኩ። እህቴ ሻርፗን አልብሳታለች። ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ታወራታለች። እናቴ አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም፤ ዓይኗ ስለማያደርሳት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጉማሬ ገባበት። ጉማሬዋ ከነልጇ ነበረች፤ ጥቁር ጀርባዋ ይብለጨለጭ ነበር፤ ጆሮዋንም አራገበች። ብርቄ ናት ያሳየችኝ ትላለች እናቴ። ለጎረቤት ታወራለች፣ ለመድኃኒት ሻጩ ታወራለች፣ እኔ ጠብታ ላደርግላት አንገቷን ወደ ኋላ ሳዘነብላት እንኳ ታወራለች። እህቴማ በማግስቱ ሄዳለች። ግርዶሽ አይቆይም።

አራተኛውን ምስጋና ቁጥር መስጠት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እርስዎን እምብዛም አይመለከትም። ቢሮዎ በመጣሁ ቀን፣ ስመለስ፣ የዚያኛው ጀልባ ነጂ ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት። ጉማሬዋ ከነልጇ የት አካባቢ እንደነበረች ጠየቅሁት። አፍሮ ሳቀ። ውሃው ከጎደለ ወዲህ ጉማሬ በዚያ በኩል እንዳልታየ፣ ሸንበቆው ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ መሆኑን፣ አጠገቡም አንድ ትንሽ ድንጋይ እንዳለ፣ እህቴ ድንጋዩን ለእናቴ ጉማሬ ብላ ስትተርክላት ተሳፋሪው ሁሉ እንደገባውና አብሮ እንዳጨበጨበ ነገረኝ።

ደስታዬን አልደብቅዎትም። ድንጋዩን በአፌ ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ያየችው ድንጋይ እንደነበረ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ሞተሩ እንዲያ እያጓራ የማትንቀሳቀስ ጉማሬ የት አለች?»

ጆሮዋን አራግባለች ስትይ አልነበረም ወይ አልኳት።

«እሱን ያራገበችው ብርቄ ናት።»

ቀጥላ፣ እጇን በዳበሳ ጉልበቴ ላይ አድርጋ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ብትሆኚ ድንጋይ ነው ትይኝ ነበር። ሐኪሙ ስለ ዓይኔ የተናገረውንም፣ እሷ በስልክ ይድናል አለችኝ፤ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ባትኖሪ እንደ ሞኝ ብርሃን ስጠብቅ እሞት ነበር። ሰው ሁለቱም ዓይነት ልጅ ያስፈልገዋል።»

አስተዋይ ሰው በዚህ ይጽናና ነበር። እኔም እጇን ሳምኩ፤ ማታም ጠብታዋን አደረግሁላት። ግን መብራት አጥፍቼ ስተኛ የተሰማኝ ያው ቅናት ነበር፤ እንዲያውም አድጎ። ከእንግዲህ በእውነተኛ ጉማሬ አልቀናም፤ በድንጋይ ነው የምቀናው። እውነቱ ለእኔ፣ ሳቁ ለእሷ ደርሷል፤ ድልድሉም እንደ እርስዎ የክብደት ድልድል አቤት የሚባልበት አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ካሳ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ወር እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ከእሷ አጠገብ ያስቀምጡኝ፤ ጀልባው ቢያዘነብል አብረን እንዘንበል። ጉማሬ ያቅርቡልኝ አልልም። መዋሸቱን እየተለማመድኩ ነው፤ ትናንት ለአንዲት ደንበኛዬ ቀሚሱ እንዳልጠበባት ነገርኳት፣ አመነችኝ። ከእርስዎ የምፈልገው፣ እኔ አፌን ስከፍት ነጂዎ እንዳይስቅ ብቻ ነው።

በዓይንዎ ተመዝና ከብዳ የተገኘች፣ በገመድዎ ተጎትታ በሰላም የገባች፣ ለዚህ ሁሉ ውለታዎ መክፈያ ቃል ያጠራት፣

የብርቄ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትኬት መስኮትዎ በላይ የሰቀሉትን፣ እናቴና እህቴ ተቃቅፈው የሚስቁበትን ትልቅ ፎቶ አይቼዋለሁ። በእውነት ያማረ ማስታወቂያ ነው። አንድ ቅጂ ቢልኩልኝ በጣም ደስ ይለኛል። እህቴን ከፎቶው ላይ ለማውጣት ግን ሠራተኞችዎ እንዳይደክሙ፤ መቀስ እኔ ዘንድ ሞልቷል።