በመቀስ ተቆርጦ ስለተመለሰው የወ/ሮ ንጋት ጓንት

ለጮቄ ሥር የፈጠራ ሥራዎች ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በማዕከሉ ስለተበላሸ ጓንትና ስለተጎዱ እናት አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

እኔ አመልካች በሞጣ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ነኝ። ማዕከልዎ ሪባን በመቁረጥ ሥራ የተጠመደ መሆኑን ስለማውቅ አላስረዝምም።

1. ቢቸና ሳስተምር ቤት አከራይተው እንደ ልጃቸው ያኖሩኝ ወ/ሮ ንጋት አምና ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተያዘ። ከሁለቱም እጃቸው የሚታዘዛቸው የቀኙ ሁለት ጣት ብቻ ነው። ልጃቸው ሥርጉት ጓሮ ከወጣች ውኃ ቢጠማቸው እንኳ የሚጠሩበት መንገድ አልነበራቸውም።

2. የሸረሪት ድር ነፋስ ሲያንገላታው ይለጠጣል እንጂ በቀላሉ አይበጠስም። ከዚህ ተምሬ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ቢሳብም የማይበጠስ ክር ሠርቼ ጓንት ላይ ሰፋሁት። ጣታቸውን ሲያጥፉ ክሩ ይለጠጣል፤ ደወል ይጮኻል። መጀመሪያ የደወሉ ቀን ሥርጉት ሮጣ ገብታ «እማዬ፣ ምን ልስጥሽ?» አለቻቸው። ምንም አልፈለጉም። ሳቁና ደግመው ደወሉ።

3. ማዕከልዎ ጓንቱን ለኤግዚቢሽን ተዋሰ። እኔ ሳንገራግር ወ/ሮ ንጋት ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱ። የማዕከሉ ባለሙያ አቶ ስጦታው ግን በእንግዶች ፊት «ሽቦው የታለ? በክር ልታሞኚን ነው?» ብለው ምርመራቸውን በመቀስ ጀመሩ፤ በመቀስም ጨረሱ። መቀስ የታየበት ሁሉ ምረቃ ይመስላልና ታዳሚው አጨበጨበ። ጭብጨባውን ያስጀመሩት ክቡርነትዎ ነዎት።

4. ጓንቱ «ተፈትሾ ሽቦ አልተገኘበትም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ሥርጉት ገበያ ሄዳ ሳለ ወ/ሮ ንጋት ከአልጋ ወደቁ። ትከሻቸው ወልቆ፣ እሷ እስክትመለስ መሬት ላይ ቆዩ። ስታገኛቸው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ደጋግመው ያጥፉ ነበር።

5. ሌላ ጓንት ሠርቼላቸዋለሁ። ማዕከልዎ ይህን ሰምቶ «የማዕከላችን የፈጠራ ውጤት» ስለሆነ ለክልሉ ኤግዚቢሽን ላኪ ሲል ጽፎልኛል። የድፍረታችሁን ያህል ዕውቀት ቢኖራችሁ ኖሮ ይህ አቤቱታ ባላስፈለገ።

ስለዚህ ማዕከሉ ስሙን ከጓንቱ ላይ እንዲያነሳ፣ ክቡርነትዎና አቶ ስጦታውም ቢቸና ድረስ ሄዳችሁ ወ/ሮ ንጋትን ይቅርታ እንድትጠይቁ አመለክታለሁ። በደብዳቤ እንዳይሆን። እሳቸው መናገር ነው የተሳናቸው፤ ጆሯቸው ደህና ነው።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ራዲያ አብዱረህማን
ሞጣ