የሳሎኑ መስኮት ልክ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ማሚት፤ ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ለጤናችን ደህና ነን፣ ተመስገን።

ይኸውልሽ፣ ክሪስታል በሚባለው ከተማ ያለውን ቤታችንን ልንሸጥ ነው። እዚህ አገር ሻጭም ገዢም ኤጀንት የሚሉት የየራሱ የቤት ደላላ አለው፤ የእኛን ግን አበልጃችን ቂርቆስ ለሁለቱም ወገን ሆኖ ይዞታል። «ሌላ ኤጀንት ካልገባ ኮሚሽኑ ይቀንስላችኋል» አለን። ዋጋውንም እሱው ቆረጠው። መቼም ልጃችንን ክርስትና ያነሳ ሰው ፊት ወረቀት ማንበብ እንደ መጠርጠር ሆነብንና ሳናነብ ፈረምን።

ገዢውን እስካሁን አላየነውም። ቂርቆስ ለሌላ ሰው ቤቱን እንዳናሳይም አደራ ብሎናል።

ትናንት የቂርቆስ ሚስት ሊና ሜትር ይዛ መጥታ የሳሎኑን መስኮት ለካች። «ለመጋረጃ ነው» አለችኝ። «ለማን?» ማለት ነውር መስሎኝ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩላት።

ቤታችንን በጸሎትሽ አስቢልኝ።

እህትሽ ሩት