ከአባዬ አንገት የወደቀው ሽቦ

ቴንስታ፣ ስዊድን፣ ነሐሴ 1988 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ቤታችን ውስጥ ግን ጨዋታ የለም። አባዬ ካናገረኝ ሳምንት አልፎታል።

አንቺን ያስመጣልናል ያልነው የአባዬ ሥራ ቀረ። በስልክ አለቀ ያለሽ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው። አላለቀም፤ አስወጡት።

የአቶም ኃይል ማመንጫ ውስጥ ጽዳት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። በሰመር፣ በእነሱ በጋ ማለት ነው፣ ማሽኑን አቁመው ይከፍቱታል። ውኃ በሞላው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀጫጭን የነዳጅ ዘንጎች ተደርድረው ቆመዋል። አጠገቡ የሚሠራ ሰው ቀለበት አያደርግም፣ ልብሱም ኪስ የለውም። መጀመሪያ ሰሞን አባዬ፣ ፈረንጆቹ መነጽራቸውን እንደ ፍየል በገመድ አስረው ይገባሉ እያለ ያስቀኝ ነበር። ትንሽ ብረት ከወደቀች ውኃው ወስዶ ዘንጎቹ መሀል ይሸጉጣታል። እዚያ እየተንቀጠቀጠች ስትፍቅ ከርማ ትበሳቸዋለች፤ መርዙም ውኃው ውስጥ ይገባል። ይህን ያስረዳኝ ራሱ ነው።

ማተቡን ግን አልፈታም። አውልቄዋለሁ ብሎ ልብሱ ሥር ደብቆት ይገባ ነበር። ማተቤን ፈትቼ ምን ልባል ነው ይለኛል። የመስቀሉ ማንጠልጠያ ስለተሰበረ በቀጭን ሽቦ ነበር ያሰረው። እሁድ ቤት መጥቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ አንገቱ ላይ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ሁለታችንም አየን።

በማግስቱ፣ ለአለቃው ደውዪና ሆዱን አሞታል በዪው አለኝ። ስዊድንኛ የምናገርለት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ድምፄ እንደማይወጣ ታውቂ የለ? ያን ቀን ወጣ፤ ለአለቃው እውነቱን ነገርኩት። ሰውዬው ሽቦው ምን ያህል ይረዝማል ብሎ ጠየቀኝ፤ አባዬን ሳልጠይቅ መለስኩለት። አባዬ ቋንቋው ባይገባውም ኮርስ ያልኩት መስቀል ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ።

መስቀሉን በካሜራ ፈልገው ከውኃው ሥር አወጡት። ሽቦው እስካሁን አልተገኘም፤ ማሽኑም አልተነሣም። ሁለተኛ እንዳይመጣ ሲነግሩትም በእኔ አፍ ነው የነገሩት።

ጎረቤታችን እትዬ ታየች ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ ዝምተኛ ናት ሲሉ እሰማ ነበር፣ ለካ አፍሽ የሚፈታው ለፈረንጅ ነው አለችኝ። አባዬ ማታ ማታ የእኔን ራት ከድኖ ያስቀምጥልኛል፤ ግን ብዪ አይለኝም።

እማዬ፣ አዜብ አልጋሽን ልትገዛ እንደሆነ ጽፈሽልኝ ነበር። አትሽጪላት። ዝናቡ ሲያባራ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ገና ትተኚበታለሽ።

እግዚአብሔር ዓይን ለዓይን ያገናኘን። እስከዚያ እሱ ይጠብቅሽ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ