እገሌ ልኮኝ ነው የሚሉ እንግዶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2007፤ ጧት

ደግሞ መጡ። ፊቴን ሳልታጠብ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የአባዬ ዌብሳይት የጎብኚ ቁጥር ከትናንቱ እጥፍ ሆኗል። ከየት? ከሩሲያ፣ ከብራዚል፣ ደግሞ «ካልታወቀ»። የቆዩበት ጊዜ፦ ዜሮ ሰከንድ። ደብተሬ፣ ስለ እንጦጦ ምንጮች በአማርኛ የተጻፈ ነገር በዜሮ ሰከንድ አንብቦ የሚወጣ ሩሲያዊ አለ ብለሽ ታምኛለሽ? እኔም አላምንም።

ከጎን «ማን ላካቸው» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ላይ የላኪዎቹ ዌብሳይቶች ተደርድረዋል። አንዱ የቁማር ቤት። አንዱ «ጎብኚ እናበዛልዎታለን» ባይ። አንዱን ለመጻፍ እጄ ይጸየፋል። መ/ቤታችን የሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ በር ላይ «እገሌ ልኮኝ ነው» ይል የለ? እገሌ አልላከውም፤ እገሌ አያውቀውም። እነዚህም እንዲያው ናቸው። የሚፈልጉት የቤቱ ባለቤት «ይሄ ላኪ ደግሞ ማነው?» ብሎ ስሙን ክሊክ እንዲያደርግ ብቻ ነው። ክሊክ ካደረገ ገበያቸው ውስጥ ገባ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ዓይን አውጣ ሁሉ።

ቁርስ ላይ አባዬ ቁጥሩን ጠየቀኝ። በየጧቱ ይጠይቃል፣ እንደ ሬዲዮ ዜና። ነገርኩት። ፊቱ በራ። ሩሲያዎች ድሮም የውኃ ነገር ይገባቸዋል፣ አብሬያቸው ሠርቻለሁ አለ። ዳቦዬን አላመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ለምን እውነቱን አልነገርኩትም? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን ልድገመው፣ ይቅለለኝ። እማዬ ከሞተች በኋላ አባዬ አልጋ ያዘ። በሽታ የለበትም፣ ሐኪሙም የለበትም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ቀያሽ ሆኖ የኖረ፣ እንጦጦን ከራጉኤል እስከ ካራ በእግሩ የለካ ሰው፣ ከቤታችን ወጥቶ የሰፈራችንን የሲግናልን አስፋልት መሻገር አስጠላው። አምና ዌብሳይቱን የሠራሁለት ለዚህ ነው። የምታውቃቸውን ምንጮች ጻፋቸው አልኩት። በሁለት ጣት እየጠቀጠቀ ጀመረ። ተነሣ። ጢሙን ተላጨ። አሁን ከአልጋ የሚያስነሣው ያ ቁጥር ነው። ውሸት ነው ብዬ ብነግረው ተመልሶ ይተኛል። እፈራለሁ፣ በቃ።

መ/ቤት ቢንያምን አማከርኩት። ስሕተት። ቢንያም (ከዚህ በኋላ ቢ.፣ ሙሉ ስም ይበዛበታል) በምንሠራበት ኮሌጅ ከእኔ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ቢዝነስ ካርዱ ላይ «የኢንተርኔት ኤክስፐርት» ብሎ አሳትሟል። በመጀመሪያ ትራፊክ ትራፊክ ነው፣ አትንኪው አለኝ። ስጨቀጭቀው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የላኪዎቹን ስም አንድ በአንድ አወጣና እንዳይታዩ አደረገ። ዓምዱ ጸዳ። እጁን አራገፈ።

ከምሳ መልስ ሳየው ጎብኚዎቹ እዚያው ናቸው! አንድም አልቀነሰ። «ቀጥታ የመጡ» ወደሚለው ረድፍ ተዛውረው ተቀምጠዋል፤ ማንም ያልላካቸው፣ አድራሻውን ራሳቸው ጽፈው የገቡ ተብለው። ሌባውን ትቶ የሌባውን ስም ፋቀ። ድንቄም ኤክስፐርት! የሠራውን ሁሉ አፈረስኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አባዬ ሊንክ እንዴት እንደሚሠራ አሳዪኝ አለ። ስሙን ሲነኩት ወደ ሌላ ቤት የሚወስደውን ማለቱ ነው። ጽሑፎቹን እርስ በርስ ሊያያይዝ መስሎኝ ደስ እያለኝ አሳየሁት። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ሲጠቀጥቅ ዋለ። እያንጎራጎረ! ከስንት ጊዜ በኋላ።

እሑድ፣ ኅዳር 7፤ ከሰዓት

ምን ዓይነት ቀን ነው?

መምሬ ዘውዱ መጡ። የአባዬ ንስሐ አባት፣ ራጉኤል የሚያገለግሉት። ሻይ ቀረበ። አባዬ አዲስ የሠራሁትን ላሳይዎት ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው። ገጹ ተከፈተ። ርዕሱ፦ «እንግዳ ለላካችሁልን ሁሉ ምስጋና»። ከሥሩ እነዚያ ስሞች! ሁሉም! ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ከተውኩት «ማን ላካቸው» ዓምድ አንድ በአንድ ገልብጦ፣ እያንዳንዱን ሊንክ አድርጎ፣ የማዕረግ ስም ጨምሮላቸው። መጨረሻቸው «ኦቭ» የሚሉትን የሩሲያ ሰው መስለውት «ጓድ» ብሏቸዋል። የቁማር ቤቱን «ክቡር»።

አእምሮዬ ቆመ። ሌባው በሕልሙ ያላሰበውን አባዬ በጨዋነት አደረገለት። ባለቤቱ አንዴ ክሊክ ቢያደርግላቸው በቂያቸው ነበር፤ እሱ ግን በር ላይ ሰቀለላቸው። የሱ ነገር እንደዚህ ነው፤ እንግዳ የላከን ሰው ሳያመሰግኑ ማደር ነውር ነው ብሎ ያደገ። በሱ ዕድሜ እንግዳ ውሸቱን አይመጣም፣ ላኪም ውሸቱን አይልክም።

መምሬ እኚህ ጓድ ማን ናቸው ብለው ጠየቁ። አባዬ፣ እኔ «ተው» ከማለቴ በፊት፣ ነካው።

እርቃኗን የሆነች ሴት። ስክሪኑን ሞልታ። ድምፅም አላት። አባዬ የሚያጠፋበት ጠፋው፤ በነካው ቁጥር ሌላ ትጨመራለች። በመጨረሻ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። መምሬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፣ አንድ ዓይን ሲቀር። «ይቺ ልጅ እኛ ዘንድ እንጦጦ ብትወጣ በብርድ ትሞታለች» አሉ። ከዚያ አባዬን በመስቀላቸው ባርከው ወጡ። ሻዩን አልጨረሱም።

አባዬ «ሌሎቹስ?» አለኝ። ሁሉም እንደዚህ ናቸው አልኩት። ሩሲያዎቹስ? እነሱም። አንድም አንባቢ አልነበረም? የመምሬን ብርጭቆ አነሣሁ። ገብቶ ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አልተነሣም። ሾርባ አመላልሳለሁ፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ በቃኝ ይላል። ጢሙ አድጓል። ያ የፈራሁት መጣ። እነዚያ ውሾች ከየትም ይሁኑ፣ እጄ ቢገቡ! አንድ ሽማግሌ ሲግናል ላይ አልጋ ይዞ መተኛቱን አያውቁም። ቢያውቁስ ምን ገዷቸው?

ምሳዬን ትቼ ስለ ስፓሙ፣ ስለነዚህ ውሸተኛ እንግዶች፣ ሳነብ ዋልኩ። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ እውነት በር ድረስ የሚመጡ ናቸው፤ ሰው ያልሆኑ፣ የሚላኩ ፕሮግራሞች። እነዚህን ዌብሳይቱ በተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ፣ በስማቸው «አትግቡ» ማለት ይቻላል። ሁለተኞቹ ይብሳሉ። ዌብሳይቱን ረግጠውት አያውቁም፤ የጎብኚ ቆጣሪው ላይ ብቻ ስማቸውን ይመዘግባሉ። የወረዳ ስብሰባ ላይ ፈርሞ አበሉን ተቀብሎ በጓሮ በር የሚጠፋ ካድሬ እንኳን ከነሱ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ለመፈረም ይመጣል። ግን አንድ ነገር አይችሉም። ስላልመጡ መጣን የሚሉበትን ቤት ስም አያውቁም። የአባዬን ዌብሳይት ስም በትክክል የማይጠራ ሁሉ አይቆጠር ማለት ነው። ይኸው ነው መላው።

ለቢ. ነገርኩት። አውቀው ነበር አለ። አፈር ብላ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ሲመሻሽ

ኅዳር ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጃፉ ክምር አድርጎ ያነዳል። ከመገናኛ ጀምሮ ጭስ ነው፣ ዓይን አያስገልጥም። ከሥራ እንደተመለስኩ የአባዬ ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ነው አልኩ። አገር በሽታውን የሚያጥንበት ቀን እኔም የራሴን።

የምስጋናውን ገጽ አጠፋሁ። «ጓዶቹን» አንድ በአንድ ሰርቨሩ ላይ አገድኩ። እየተሳደብኩ፣ በድምፅ። የቤቱን ስም የማያውቁትን የሚያስቀር ማጣሪያም አስገባሁ።

ጭሱ በመስኮት ገብቶ አባዬን አሳለው። መስኮቱን ሊዘጋ ተነሣ! በእግሩ! ዘጋና ከኋላዬ ቆመ። ምን ታደርጊያለሽ አለ። ቆሻሻ አቃጥላለሁ አልኩት። እውነተኛውን ከውሸተኛው በምን ትለዪዋለሽ? ነገርኩት፤ ያልመጣ ሰው መጣሁ ያለበትን ቤት ስም አያውቅም። ይሄ ገባው። እኛም ዘንድ ነበሩ አለ፤ ሆቴል ቁጭ ብለው ያልወጡትን ተራራ የሚለኩ ቀያሾች። እንዴት ትይዛቸው ነበር አልኩት። የቁልቁለቱን ጭቃ ስጠይቃቸው አያውቁትም አለ። እስክጨርስ ቆመ። ግን ሲመለስ ያው አልጋው ላይ ነው የተመለሰው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቆጣሪው ጸዳ። አሁን የቀረው እውነተኛው ብቻ ነው።

የቀረው አንድ ሰው ነው።

አንድ! ከአዲስ አበባ፣ ቀጥታ የመጣ፣ ማንም ያልላከው። አባዬን ጠርቼ አሳየሁት። አንድም ሰው ሰው ነው እንዲል ፈልጌ። መነጽሩን አድርጎ ትንሽ ዐየ። እንግዳው በሥራ ቀን ሁሉ ብቅ ይላል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይወጣል። አባዬም ይሄ ሰው በር ላይ መጥቶ ሳይገባ የሚመለስ ነው አለ። ወደ ክፍሉ ገባ። ራትም አልበላ።

ያን ቀብራራ አንባቢ ለማወቅ ሞትኩ። ማነው እሱ፣ የሽማግሌ ልፋት ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚገባው? የሰርቨሩን መዝገብ አገላበጥኩ። አድራሻው ተገኘ። የኮሌጃችን ነው። ቢ. ነው ብዬ ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ የገባበትን ሰዓት አየሁ።

እኔ ነኝ።

ጧት ቢሮ ስገባ ዌብሳይቱ መሥራቱን ለማየት እከፍተዋለሁ። ሠርቷል፤ እዘጋዋለሁ። እንደዚያ አንድ ዓመት። ደብተሬ፣ ከጻፈው አንዱን እንኳን እስከ መጨረሻው አላነበብኩም። ስለ ውኃ ነው፣ ምን አለበት ብዬ። ሩሲያዊው ዜሮ ሰከንድ፣ የገዛ ልጁ ጥቂት ሰከንድ። ስሰድባቸው የከረምኩት በየትኛው አፌ ነው? አፈርኩ።

ደግሞ የሚያስቀው፦ ያነበብኩት መመሪያ ሁሉ የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የራሱን አድራሻ ከቆጠራው ያውጣ ይላል። የቤታችንን ድሮ አውጥቻለሁ፤ የቢሮዬንም ካወጣሁት አባዬ ዜሮ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ ምሳ ሰዓት

አነበብኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ። ደረቅ ነው ብዬ የናቅኩት! ከመንገድ ላይ ሆኖ የማይታይ ምንጭ ሁሉ ስም አለው፣ ማን እንደቀዳበት፣ መቼ እንደደረቀ።

ከራጉኤል ቁልቁል ስላለችው ትንሽ ምንጭ የጻፈውን ሳነብ ቆምኩ። ወጣት ሳለ ሊለካት ሄዶ የመለኪያ ዘንጉን ውኃው ውስጥ ተከለ። አንዲት እንስራ ያዘለች ልጅ ውኃዬን አደፈረስክብኝ፣ ንቀል አለችው። የመንግሥት ሥራ ነው አላት። የመንግሥት ሥራ ውኃ አይጠጣም እንዴ አለችው። ነቀለና እሷ የፈቀደችለት ቦታ ተከለው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያቺ ምንጭ እስከ ዛሬ ከቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ነው ያለችው ይላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሆን ብዬ ያሳሳትኩት ልክ እሱ ብቻ ነው፤ አላርመውም፤ ልጅቱን አገባኋት።

እማዬ ናት። እንደዚህ መገናኘታቸውን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። ነግሮኝ ኖሯል እኮ፣ ጽፎ! ቢሮ ውስጥ እንባዬ ወረደ። ቢ. ምን ሆንሽ አለኝ። ቫይረስ አልኩት። ኮምፒውተርሽን ልየው አለ። ለዚህ ሰው ምን ይባላል?

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አባዬ ዛሬ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እንደ ድሮው ቁጥሩን ጠየቀ፤ ግን ዜናው እንዳበቃለት ሰው ድምፁ ቀዝቅዞ። አንድ አልኩት። ያው አንድ። ግን ትናንት ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ቆየ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምሳ ሰዓቱን ሙሉ? አዎ፣ ምንጮቹን ሁሉ ዞሮ የራጉኤሏ ላይ ብዙ ቆይቷል። ማን ላከው አለኝ። ማንም አልላከውም፣ በራሱ ነው የመጣው አልኩት። መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። ብዙ ጠረገው።

ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «ያ ሰው ምንጯ እውነት የት እንዳለች ማየት ከፈለገ እሑድ እወጣለሁ፤ ጠንካራ ጫማ ያድርግ» አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 21፤ ጧት

ጽዮን ናት፤ እንጦጦ ዛሬ ሰው ይበዛል። አባዬ ተላጭቷል። አሮጌውን የመለኪያ ዘንግ ከጓዳ አውጥቶ አቧራውን ይጠርጋል። ወስኛለሁ፦ የራሴን አድራሻ አላግድም፤ መመሪያውም ገደል ይግባ። መምሬ ዘውዱም እዚያው ናቸው፣ ያንን ሻይ እናስጨርሳቸዋለን። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ እየተጣራ ነው፣ «ሶስና፣ ፀሐዩ ሳይበረታ!» እያለ። አንዱን ጫማ አስሬያለሁ፣ ሌላኛው የት…